ወረርሽኝ ሲገባ የአካባቢ ጥበቃ ሥራችንን እንዴት እናስቀጥል? የጅማ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት በጅማ ከተማ በችግኝ ማፍላት፣ በኮምፖስት ዝግጅት፣ በፕላስቲክ መሰብሰብና በጓሮ አትክልት ሥራ ላይ የተሰማሩ ወጣቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋግመው ያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ የተገኙት በኮቪድ-19 ወቅት በአዌቱ ወንዝ ዳርቻ አነስተኛ የወጣቶች ስብስብ ይዘን ስንሠራ በገዛ ዓይናችን ካየነውና ከጤና ባለሙያዎች ከተማርነው ነው። አብዛኞቹ ሰው ከሰው እንዲራራቅ በሚያስገድድ በሌላ ወረርሽኝም ያገለግላሉ፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ በሽታ የራሱ መተላለፊያ መንገድ ስላለው፣ በወቅቱ የጤና ባለሙያ የሚሰጠው መመሪያ ምንጊዜም ከዚህ ጽሑፍ ይቀድማል።

ወረርሽኝ ገብቶ ሳለ ሥራውን ለጊዜው ማቆም አይሻልም ወይ?

መቆም የሚችል ሥራ አለ፤ መቆም የማይችልም አለ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ተከለከለ። ይህ ሁሉ የሆነው በጅማ የበጋው ፀሐይ ገና ሳይበርድ፣ ዝናቡም ገና ሳይደላደል፣ ችግኝ ከምንጊዜውም ይልቅ የሰው እጅ በሚፈልግበት ወቅት ነው። የሥልጠና መድረክን፣ የጽዳት ዘመቻን ወይም የምረቃ ዝግጅትን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይቻላል። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያለ የዋንዛ ችግኝ ግን በመጋቢት ፀሐይ ለሳምንት ውኃ ካጣ የዓመቱን ድካም ይዞ ይደርቃል።

ስለዚህ ወረርሽኝ በተሰማ ማግስት መቅደም ያለበት ሥራ፣ ሁለትና ሦስት አባላት ተቀምጠው የዓመቱን ሥራ በሙሉ ለሁለት መክፈል ነው፤ በአንድ ወገን ሕይወት ያለው ነገር የሚጠብቀን ሥራ፣ ማለትም ችግኝ፣ ፍል (በመደብ ላይ ገና የበቀለ ቡቃያ)፣ የንብ ቀፎና የጓሮ አትክልት፣ በሌላው ወገን ቢዘገይ የሚከፋው ሰው እንጂ የሚሞት ነገር የሌለበት ሥራ ይጻፋል። እኛ ይህን ያደረግነው ዘግይተን በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስብሰባ እንዴት እናድርግ እያልን ስንከራከር ከፍላችን ጥቂት የማይባለውን አጥተናል።

በደቦ የለመድነውን ሥራ በምን መልክ እንከፋፍለው?

ደቦ የለመደ ሰው ሥራን ከሰው ብዛት ለይቶ ማሰብ ይከብደዋል። ቅዳሜ ጠዋት በርከት ብለን አካፋና ዶማ ይዘን በአዌቱ ዳር ስንሰለፍ ሥራው ብቻ ሳይሆን ጨዋታው፣ ቀጥሎም የሚፈላው ቡና ነበር ሰውን የሚስበው። ያ ሲቀር ብዙዎቻችን ሥራው ራሱ የቀረ መስሎን ነበር። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው አባባል ሃምሳው ሰው አንድ ቦታ ይቁም አይልም።

አከፋፈሉ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሥራ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ መሣሪያ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚያጠጣው አባል ጨርሶ ሲወጣ፣ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ አረም የሚነቅለው ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኮምፖስቱን የሚያገላብጠው ይመጣል። ሁለቱ በር ላይ ካልሆነ በቀር አይገናኙም፤ በር ላይም ቢሆን በሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ተራርቀው ነው የሚነጋገሩት። እያንዳንዱ የሠራውንና ያየውን ግድግዳ ላይ በሚስማር በተሰቀለ ደብተር ላይ ይጽፋል። «ሦስተኛው መደብ ላይ ቅጠሉ እየተበላ ነው፤ ምሽት ላይ አባጨጓሬ እዩ» የምትል አንዲት መስመር፣ ቀድሞ በጫወታ መካከል የምናልፈውን ነገር በሰዓቱ እንድንይዝ አድርጋናለች።

አንድ ትንሽ ነገር ልብ በሉ። በመጀመሪያ እስክሪብቶውን ከደብተሩ ጋር በሲባጎ አስረን ነበር። መሣሪያ አንዋዋስም ብለን ዶማውን እስከ መለየት ደርሰን ሳለ፣ ሁላችንም በየቀኑ ያንኑ እስክሪብቶ እንጨብጥ ነበር። የጠቆመችን አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም የራሱን ይዞ ይመጣ ጀመር።

ችግኝ ጣቢያችን ያለው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው፤ ግቢው ከተዘጋ ምን እናድርግ?

ይህ በ2012 ዓ.ም. የደረሰብን ነገር ነው፤ በከተማችን ያሉ ብዙ የአካባቢ ጥበቃ ክበባትም የገጠማቸው ይኸው ነበር። ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ከግቢው ኃላፊዎች ጋር ተነጋግሮ በየቀኑ ሁለት ሰው ብቻ እንዲገባ ፈቃድ ማግኘት ነው። ይህ ሲገኝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፈቃዱ በአንድ ሰው ቃል ላይ የተመሠረተ ከሆነ ሰውየው በተቀየረ ቀን ይቀራል፤ ስለሆነም በወረቀት ይሁን።

ሁለተኛውና እኛ የምንመክረው ችግኙን ለየቤቱ ማደል ነው። በእጅ ጋሪ እየጫንን ለእያንዳንዱ ቤት ከ20 እስከ 30 ችግኝ አደረስን። ቤት ስንመርጥ የጠየቅነው ሦስት ነገር ነው፤ ጥላ አለ ወይ፣ ውኃ ቅርብ ነው ወይ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው አለ ወይ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። አንዲት እትዬ የምንላቸው ጎረቤት ችግኙን በማንጎ ዛፍ ሥር ደርድረው፣ ቡና ካፈሉ በኋላ ስኒ ያለቀለቁበትን ውኃ በየተራ ያጠጡት ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ቀላል ውኃ አይደለም። በሰኔ ከሰበሰብናቸው ችግኞች ሁሉ ወፍራም ግንድ ይዘው ያገኘናቸው የእርሳቸውን ነው።

ቤት የገባ ችግኝ የሚጎዳባቸው መንገዶች አሉ። ብዙ ሰው ለጥላ ሲል ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ያስቀምጠዋል፤ በጅማ ዝናብ ግን የጣሪያ ጠፈጠፍ በአንድ ሌሊት አፈሩን ከቱቦው ጠርጎ ሥሩን ራቁቱን ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ከጠፈጠፉ መስመር ቢያንስ አንድ ክንድ መራቅ አለበት። ዶሮ ባለበት ቤት በእሾህ ወይም በቀርከሃ ማጠር ግድ ነው። ሦስተኛው ጉዳት ዘግይቶ የሚታይ በመሆኑ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ችግኙ ለወራት ሳይነሳ ከቆየ ሥሩ ቱቦውን በስቶ መሬት ውስጥ ይገባል፤ የተከላ ቀን ሲነቀል ዋናው ሥር መሬት ውስጥ ተበጥሶ ይቀርና የተተከለው ችግኝ በሳምንቱ ይጠወልጋል። ስለዚህ በየሦስት ሳምንቱ አንዴ ቱቦዎቹን ከመሬት ብድግ ማድረግ፣ የወጣውን ሥር በንጹሕ ምላጭ መከርከምና ቦታ ማቀያየር ይገባል። ይህን በቃል ከመንገር ይልቅ በየቤቱ ደጃፍ ቆሞ አንዱን አንስቶ ማሳየት ይሻላል።

እንዲህ ተበትኖ የቆየ ችግኝ ሲተከል ይጸድቃል?

ከተጠበቀ ይጸድቃል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በወረርሽኙ መካከልም ሳይቋረጥ በ2012 ዓ.ም. ክረምት 5 ቢሊዮን ችግኝ የመትከል ግብ ይዞ ቀጥሏል። እኛም በዚያ ክረምት የተከልነው በሁለት በሁለት ሰው እየተከፋፈልን፣ ጉድጓዱን ከወር በፊት ቆፍረን ካጠናቀቅን በኋላ ነበር፤ ጉድጓዱ ቀድሞ ካለ ተካዩ ሰው በቦታው የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ለጥላና ለአገር በቀል ዛፎች በሁሉም አቅጣጫ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይበቃል፤ ሲቆፈር የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ አስቀምጦ ሲተከል መጀመሪያ እርሱን መመለስ ይገባል።

ምን ይተከል ለሚለው፣ ለቡና ጥላ ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ በአካባቢያችን የተፈተኑ ናቸው። በወንዝ ዳር ግን ከዛፉ በፊት መሬቱን የሚይዝ ነገር ይቅደም፤ ቀርከሃ እና በጅማና በኢሉባቦር ገበሬዎች ዘንድ የታወቀው የቬቲቨር ሣር ለዚህ ይሆናሉ። ባሕር ዛፍ ከረግረግ አጠገብ ባይተከል ይመረጣል። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይገባል። በአንድ ሰፈር የተናደ የወንዝ ዳር አፈር ጉማሬዎች ያሉበትን የቦዬን ረግረግ ይሞላል፤ የተረፈው 184 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨት የተገነባው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይከማቻል። ይህን ለአዲስ አባላት በወንዙ ዳር ይዞ ማሳየት ከማንኛውም ንግግር በላይ ሥራውን እንዲወዱት ያደርጋል።

የተከላችሁትን ሳይሆን የጸደቀውን ቁጠሩ። አንዴ መስከረም ላይ፣ አንዴ ደግሞ የበጋው ፀሐይ ካለፈ በኋላ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ መቁጠር ይገባል፤ ሁለተኛው ቆጠራ ነው እውነተኛው።

የቡና ገለባ ለኮምፖስት ይሆናል? በየቤቱ ማዘጋጀትስ ይቻላል?

በጅማ የቡና ገለባ እንደ ልብ ነው። ቡናው ከተለቀመ በኋላ ጀንፈል ከሚፈለፈልባቸው ቤቶች በስተጀርባ ክምሩ ኮረብታ ያክላል፤ አብዛኛው ይቃጠላል ወይም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ትራንስፖርት በግማሽ የመጫን አቅም እንዲሠራ በተወሰነበትና ዋጋው በተወደደበት ጊዜ፣ ከሩቅ ፍግ ማስመጣት ላቃተን ለእኛ ይህ ገለባ ትልቅ ነገር ሆኖልን ነበር።

ይሁን እንጂ ገለባውን ብቻውን ከምሮ ኮምፖስት መጠበቅ አይቻልም። በውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒን እንዲሁም ጠንካራ አሰሩ ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጉታል፤ ሳይበሰብስ አፈር ላይ ከተበተነም የለጋ ተክልን ዕድገት ይጎዳል። ከእርጥብ ነገር ጋር፣ ማለትም ከጎመን ትርፍራፊ፣ ከሙዝ ልጣጭ፣ ከለጋ ሣርና ከከብት ፍግ ጋር መደባለቅ አለበት። ባለሙያዎች የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔ ከ25 እስከ 30 ለ1 ይሁን ይላሉ፤ በቤት ቋንቋ ሲነገር ደረቁ ከእርጥቡ በመጠን በዛ ይበል ማለት ነው። ከሥር የበቆሎ አገዳ መደልደል፣ በየንብርብሩ ጥቂት አፈርና አመድ መነስነስ፣ ከላይ በኮባ ወይም በእንሰት ቅጠል መሸፈን ነው። ዝናብ በሚበዛበት በጅማ ጉድጓድ ውስጥ ከመሥራት ከመሬት በላይ መከመር ይሻላል፤ ጉድጓዱ ውኃ ይቋጥራልና።

ጥፋታችንን እንንገራችሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሰባት ቤቶች የወጥ ቤት ትርፍራፊያቸውን በአንድ ክምር እንዲያኖሩ አደረግን፤ ቤት የዋለው ሰው ብዙ በመሆኑ ትርፍራፊው ከጠበቅነው በላይ በዛ፤ ሽፋኑም አፈትልኮ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክምሩ ጠቆረ፣ ላቆጠ፣ የሽታው ነገር አጠገቡ ያሉትን ቤቶች መስኮት አስዘጋ። ወረርሽኝ ሰውን ባስፈራበት ወቅት መጥፎ ሽታ ማለት በሽታ ማለት ነበርና ጎረቤት ተቆጣ፤ ተገቢም ነበር። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከሚጠርቡ ቤቶች ሁለት ጆንያ የእንጨት ፍቅፋቂ ለምነን አመጣን፤ ክምሩን ሙሉ በሙሉ ገልብጠን ከፍቅፋቂውና ከደረቅ የቡና ገለባ ጋር አደባለቅነው፤ በሦስተኛው ቀን ሽታው ጠፋ፤ በሳምንቱ ውስጡ የተሰካ እንጨት ስናወጣ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ነበረው። ፍቅፋቂውን ግን አታብዙ፤ ሲበሰብስ ከአፈሩ ናይትሮጅን ይሻማል።

የእንጨቱን ምርመራ በየሳምንቱ አድርጉ። ክምሩ ውስጥ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስታወጡት ሙቅና እርጥብ ከሆነ ሥራው ይሄዳል፤ ሙቅና ደረቅ ከሆነ ውኃ ጎድሎታል፤ ቀዝቃዛና ጭቃ ከሆነ አየር ጎድሎታል። የክምሩ ውስጥ ሙቀት ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሆኖ ለቀናት ሲቆይ አብዛኛውን በሽታ አምጪ ተሕዋስና የአረም ዘር ይገድላል። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ እየተገላበጠ በሦስት ወይም በአራት ወር ይደርሳል። ማስክ፣ ሶፍት፣ ዳይፐርና የበሽተኛ ክፍል ቆሻሻ ግን በምንም ምክንያት ወደ ኮምፖስት አይገባም።

የፕላስቲክ ጠርሙስ መሰብሰባችንን እንቀጥል?

በ2012 ዓ.ም. ቫይረሱ በፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት ሊገኝ እንደሚችል ጥናት ስለወጣ፣ የሰበሰብነውን ጠርሙስ በጆንያ ሦስት ቀን ሳንነካ አስቀምጠን ነበር የምንለየው። ኋላ ላይ ኮቪድ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ እንደሆነና ከዕቃ ላይ የመተላለፍ ዕድሉ አነስተኛ መሆኑ ታወቀ። ሦስት ቀን ማቆየቱ ጉዳት አልነበረውም፤ ነገር ግን ጠርሙሱን ስንጠነቀቅ በጠባብ መጋዘን ውስጥ አራት ሆነን አፍ ለአፍ ገጥመን እንለይ ነበር። ዋናው አደጋ ያ ነበር። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን ሥራውን ወደ ደጅ አውጡ፤ እንደ ኮሌራ በውኃና በእጅ የሚተላለፍ ሲሆን ደግሞ ጓንት፣ ሳሙናና ንጹሕ ውኃ ይቀድማሉ። የበሽታውን መንገድ ሳያውቁ መጠንቀቅ አድካሚ ነው፤ ብዙም አይጠብቅም።

ያገለገለ ማስክ በየመንገዱና በወንዙ ዳር ወድቆ እናያለን፤ እናንሳው?

በባዶ እጅ አታንሱ፤ በእንጨት መቆንጠጫ ወይም በወፍራም ጓንት አንስታችሁ ለብቻው በታሰረ ፌስታል ውስጥ አድርጉና ለቀበሌው ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ምን እንደሆነ ነግራችሁ ስጡ። ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ ሳይነገራቸው በእጃቸው እንዲዝቁት ማድረግ በደል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረገው ማስክ ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ የሚሠራ ስለሆነ አይበሰብስም፤ ጎርፍ ከወሰደው መድረሻው ቦዬ ነው። በጤና ተቋም ለማይሠራና በሽተኛ ለማያስታምም ሰው፣ በሰፈር ልብስ ሰፊ የተሰፋ፣ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ የጨርቅ ማስክ ይበቃ ነበር፤ ለልብስ ሰፊውም በዚያ ክፉ ጊዜ እንጀራ ሆኖለታል።

በረኪና ለመሣሪያ ማጽጃ እንዴት እንበጥብጥ?

በገበያ የሚገኘው በረኪና በአብዛኛው 5 በመቶ ገደማ ክሎሪን ያለው ነው፤ ከመበጥበጣችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። ለመሣሪያ እጀታ፣ ለበር መክፈቻና ለመሳሰለው አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውኃ ይበቃል፤ ይህም በአንድ ሊትር ዕቃ 20 ሚሊ ሊትር በረኪና አድርጎ ቀሪውን በውኃ መሙላት ነው። ደም ወይም ትውከት ለነካው ነገር አንድ እጅ በዘጠኝ ይሁን። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ ከሌላ ማጽጃ ኬሚካል ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የተረፈውን ችግኝ ወይም ኮምፖስት ላይ አትድፉ።

ውኃ በማይበረክትበት ሰፈር የእጅ መታጠቢያ ማቆም ብክነት አይሆንም?

በእግር የሚረገጥ የጀሪካን መታጠቢያ ከቧንቧ እጅግ ያነሰ ውኃ ይወስዳል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አንገቱ አካባቢ በጋለ ሚስማር ይበሳል፤ በሁለት ባላ ላይ በተጋደመ እንጨት ይንጠለጠላል፤ ከአፉ በገመድ ታስሮ መሬት ላይ ካለ የእግር መርገጫ እንጨት ጋር ይያያዛል። የሚታጠብ ሰው ጀሪካኑን በእጁ አይነካም፤ እግሩን ሲያነሳ ውኃው ይቆማል፤ ስለዚህ 20 ሰከንዱን ሙሉ በሳሙና ሲያሽ ጠብታ አይባክንም። ሳሙናውን በመረብ ከረጢት አድርጋችሁ እሰሩት፤ ቁራ ሳሙና ይዞ መብረር ይወዳል፤ እኛ ሰው ወሰደው ብለን ጎረቤት ጠርጥረን አፍረናል። ከሥሩ ጠጠር ደልድላችሁ ፍሳሹን ወደ ሙዝ ወይም ወደ ጎደሬ ምሩት። የሳሙና ውኃ ለቱቦ ችግኝና በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ አይሆንም።

መገናኘት ካልቻልን በምን እንነጋገር?

ቴሌግራም ጥሩ ነው፤ ፎቶ ልኮ «ይህ ቅጠል ምን ሆኖ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስችላል። ብቻውን ግን አትመኑት። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ፣ የተከላ ድልድላችን በሙሉ የነበረው በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ስለነበር የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ያዳነን ያ በሚስማር የተሰቀለው ደብተር ነው። አሁን የስልክ ቁጥር፣ የተራና የየቤቱ ችግኝ ብዛት በወረቀት ተጽፎ በሦስት የተለያዩ ቤቶች ይቀመጣል። እያንዳንዱ አባል ለሁለት ሰው እንዲደውል አድርጎ መደልደልም ይጠቅማል።

የሰፈር ሽማግሌዎችና እድሮች እንዲደግፉን ምን እናድርግ?

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሄዳችሁ አማክሯቸው፤ ከጨረሳችሁ በኋላ ለማሳወቅ ብቻ አትሂዱ። በወረርሽኝ ጊዜ ወጣት ከቤት ቤት ሲዞር የሚያይ አባት «ልጆቼ፣ በሽታ ይዛችሁልን እንዳትመጡ» ቢል ለራሱም ለእኛም አስቦ ነው። እኛ ለአንድ የእድር ሰብሳቢ ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል፤ በሦስተኛው «እንግዲያው ደጄ ላይ አስቀምጡት፣ እኔ አስገባዋለሁ» አሉን። ይህቺ የእርሳቸው ሐሳብ ደንባችን ሆነች፤ ችግኝ፣ ዘርም ሆነ ኮምፖስት ደጅ ላይ ይቀመጣል እንጂ ማንም ከሰው ቤት አይገባም። ማስታወቂያችሁን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ጻፉ። በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን በኩል የተነገረ መልእክትም እኛ ከለጠፍነው ወረቀት ሩቅ ይደርሳል።

ሴት አባሎቻችን ለምን ቀነሱ?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለወንዱ ልጅ ትርፍ ሰዓት ተፈጠረለት፤ ለሴቷ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ሥራ ተጨመረባት። ውኃ መቅዳቱ፣ ታናናሾችን መጠበቁ፣ ቤት የዋለውን ሰው ሁሉ መመገቡ በእርሷ ላይ ወደቀ። «ፍላጎት የላቸውም» ብለን ያለፍንባቸው ወራት ያሳዝኑናል፤ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ እንሰማ ነበር። መፍትሔው የሥራውን ሰዓትና ቦታ ለእነርሱ ማመቻቸት ነው፤ ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ በጆንያ አፈር ሞልቶ በደጃፍ ማልማት ከቤት ሳይርቁ የሚሠራ ሲሆን፣ ጎመኑ በሁለት ወር ገደማ ስለሚደርስ ለቤቱም ይተርፋል። የተራ ድልድሉን ሲያወጡም ራሳቸው ይኑሩበት፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚጠናቀቅ ተራም ለማንም አይመደብ።

ገንዘብስ?

ከእቁብ በሚመስል አነስተኛ ሳምንታዊ መዋጮ ዘር፣ ቱቦና ሳሙና መግዛት ይቻላል። ከውጭ የሚመጣ ድጋፍ በወረርሽኝ ጊዜ ወደ ጤና ስለሚዞር፣ የዓመቱን ዕቅድ በእርሱ ላይ ማቆም አደጋ አለው።

ከአባላት አንዱ ቢታመም?

ወዲያውኑ ከተራው ይውጣ፤ ስሙ ግን በሰፈር አይዙር። በኮቪድ ጊዜ ሕመምን ለማሳወቅ ያገለገለው ነጻ የስልክ መስመር 8335 ነበር። ከታመመው ጋር አብሮ የሠራ ሰው የጤና ባለሙያ በሚወስነው ጊዜ ልክ ራሱን ይለይ፤ እስከዚያው ተራውን የሚሸፍን ተተኪ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። ሰው «ሥራው ይበደላል» ብሎ ሕመሙን እንዳይደብቅ የሚያደርገው ይህ ነው። የታመመውን አባል ችግኝ እያጠጣችሁ በስልክ ብትነግሩት ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው።

ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ምን ይቀጥል? ለሚመጣውስ ምን እናዘጋጅ?

ቅዳሜ ጠዋት መሰብሰቡን መልሰነዋል፤ ቡናውም ተመልሷል። ችግኙ ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ግማሹ ዛሬም በየቤቱ ነው፤ ምክንያቱም በቤት ያደገው የተሻለ ሆኖ ስላገኘነውና ዛፉ ከተተከለ በኋላ ያሳደጉት ሰዎች መንገድ ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው ስለሚያዩት ነው። ደብተሩም ግድግዳው ላይ ነው።

ለሚመጣው ጊዜ የምናዘጋጀው አራት ነገር ነው። ችግኝ ለመቀበል የተስማሙ ቤቶች ዝርዝር በየዓመቱ በጥር ይታደሳል። የግቢው ቁልፍ ሁለተኛ ቅጂና የመግቢያ ፈቃዱ ወረቀት ከሰብሳቢው ውጪ ባለ አባል ቤት ይቀመጣል። ለአንድ ወር የሚበቃ ሳሙናና ሁለት የተበሱ ጀሪካኖች ዝግጁ ናቸው። ደረቅ የቡና ገለባም በታኅሣሥና በጥር፣ ክምሩ ሳይቃጠል፣ በጆንያ ተሞልቶ ዝናብ በማይደርስበት ጣሪያ ሥር ይደረደራል፤ በየጆንያው ላይ የገባበት ወር በከሰል ይጻፋል።